አንድ እስር ሳማ ለሁለት እናት

የልጄ ባል የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ከተኛበት ተነስቶ ይዘጋል፤ እኔ ሰሃን ሳጥብ ከኋላዬ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሜ በጠዋት ከሚስቱ ጋር መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ምን ይባላል? ወይ ቧንቧው ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው እንዲሰማው የማይፈለግ ነገር አለ። ተበላሽቶ እንደሆነ ልርዳቸው ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ሁለት እናት ለዚህች ቤት በዝቷል» አለ። «አንዷ ትሂድ።»

«የቷ?» አለች ልጄ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ውሃውን ብቻ ነው። ምን ብሎ እንደመለሰላት እግዜር ይወቀው። ከግድግዳው ስላቀቅ ጆሮዬ ላይ ኖራ ቀርቶ ነበር፤ እሱን እያራገፍኩ የዕቃ ቤቱ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ። የምሄድበት አጥቼ አይደለም። የኪራይ ክፍሌ እንዳለች ናት፤ የደንብ ልብስ የምሰፋባት፣ ለራሴ የምበቃ ክፍል። ግን እዚያ የሚጠብቀኝ የስፌት መኪናዬ ብቻ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሦስት ሳምንት የልጅ ልጅ አለች፣ ስታዛጋ አፏ የቁልፍ ቀዳዳ የሚያክል። ያለችኝ ልጅ አንዲት፣ የወለደችውም አንዲት። ሳታውቀኝ ብሄድ ማን ብላ ትጠራኛለች?

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ዕቃ ቤት። መኝታ ቤቱን አራሷና ሕፃኗ ይዘውታል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በመጥረጊያውና በተሰበረው ብስክሌት መካከል አንዲት ጠባብ አልጋ አለች፤ እሷ ላይ እኔና የልጄ አማት፣ የባሏ እናት፣ አንዳችን ራስጌ አንዳችን ግርጌ ሆነን እንተኛለን። የእሷ እግር እኔ ጆሮ ሥር ያድራል። ልጇ ደግሞ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ሶፋው አርጅቶ መሃሉ ሰምጧል፤ ቀን ቀን ሰው እንዳይሰምጥበት ብርድ ልብሱን አጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ይከተዋል፣ ሲተኛ ደግሞ አውጥቶ ይለብሰዋል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ራሱ ነው። ጠዋት ሲነሳ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነው የሚሄደው። እውነቱን ለመናገር፣ አንዷ ትሂድ ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት እኔን ያለ እንደሆነ ነው።

የልጄን አማት በልቤ «ዳኛዋ» እላታለሁ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያየችውን ጨርቅ ሁሉ ትፈርድበታለች። «ይሄ ታጠበ ይባላል?» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለጨርቁ። እኔ የሕፃኗን የሽንት ጨርቅ ሦስት ማዕዘን አድርጌ አጥፋለሁ፤ እሷ አራት ማዕዘን። ማታ ሦስት ማዕዘን አድርጌ የተኛሁበት ክምር ጠዋት አራት ማዕዘን ሆኖ ይጠብቀኛል። እኔም እመልሰዋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። «እንዴት አደሩ?» «ደህና፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» እንባባላለን፣ በአንድ አልጋ አድረን ስንነሳ፣ እንደ ሁለት አምባሳደር።

ለነገሩ ሁሉ መነሻው ወተት ነው። የልጄ ጡት ጎደለ። ሕፃኗ ትጠባና ትተወዋለች፣ ትጮኻለች፣ ደክሟት ትተኛለች። ልጄ እሷን እያየች ታለቅሳለች፣ እኔ ልጄን እያየሁ። ትናንት ባልየው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ገዝቶ መጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ማንም አልነካውም። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይዤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የፈላ ውሃ ይላል፣ ንጹሕ ጠርሙስ ይላል፣ ማንኪያ ይላል። አያት የሚል ቃል የትም የለበትም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቧንቧው ተከፈተ።

እንግዲህ ዘዴ ያስፈልጋል አልኩ። ወተት የጎደላት አራስ ሳማ እንድትበላ ነው እናቴ ያስተማረችኝ፤ እናቷም ለእሷ እንዲሁ። ሳማ ደግሞ በፈለጉት ቀን የሚገኝ ነገር አይደለም። ዝናብ ሲጀምር ጫፉ ለጋ ሆኖ ይወጣል፤ እስኪያብብ ድረስ ነው የሚበላው። ካበበ በኋላ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንቋቋል፣ ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም ይላሉ። ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ጊዜው ሊያልፍ ነው። ሳማ ገዝቼ፣ ሠርቼ፣ ልጄን አብልቼ፣ ወተቱ ከወረደ፣ የቷ ትሂድ የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። ወተት ያወረደችን እናት ማን ውጪ ይላታል?

«ክር ልገዛ ነው» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ባልየው ሕፃኗን ታቅፎ ሳሎን ውስጥ ይመላለስ ነበር። ዳኛዋ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ክር» አለች፣ ታጠበ ይባላል በምትልበት ድምፅ።

ገበያው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው። ከፊት ያሉት ባለ ሚዛኖቹ ናቸው፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም ዓመቱን ሙሉ አይለያቸውም። የዱር ቅጠል የሚሸጡት ሴቶች ግን ከኋላ፣ ጭቃው ላይ ላስቲክ አንጥፈው ነው የሚቀመጡት። ዝናብ ሲመጣ ከከተማው ዳር ይመጣሉ፣ ዝናቡ ሲያልፍ አብረው ያልፋሉ። አንዷ እንጉዳይ በትሪ ዘርግታ «ባለቤቴ ትናንት በልቶ ይኸው ዛሬ ሥራ ገብቷል» እያለች ትምላለች። ሌላዋ አገዳው የቀላ አሉማ ይዛለች፣ ደም ላነሰው። በሁለቱ መካከል ሳማ ሻጯ ተቀምጣለች። ገበያው «ለብላቢት» ይላታል። ሳማውን በባዶ እጇ እያነሳች፣ እየመታች፣ እንደ ሽንኩርት ታስረዋለች፤ ምንም አትሆንም።

«ሳማ! ለወለደች፣ ለደከመች፣ ደሙ ላነሰ፣ ጉልበቱ ለተንቋቋ፣ ለተኮራረፈ!»

«ለተኮራረፈ ደግሞ እንዴት ነው የሚሆነው?» አልኳት።

«ተገራርፈው ይታረቁበታላ፣ እናቴ!»

ዋጋውን ስጠይቅ እስሩ ሃያ ነው አለችኝ። ሃያ! ሳማ በነጻ ነበር እኮ፤ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል፣ ልጅ ኳስ ሲገባበት የሚያለቅስበት። እናቴ ሳማ የምታበስለው በር ዘግታ ነበር፤ ሽታው ከወጣ ጎረቤት «ዛሬ እነ እገሌ ቤት የሚበላ ጠፍቷል» ይላልና። እኔ ይህን እያሰብኩ ስከራከር አንዲት የስፖርት ልብስ የለበሰች ልጅ መጥታ ላስቲኩ ላይ ያለውን በሙሉ ዋጋ ሳትጠይቅ ሰበሰበችው። «ለጁስ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ከሙዝ ጋር ይፈጫል። ለቆዳ ነው።» ለብላቢት ገንዘቡን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ እስክትከተው ድረስ ፊቷ አልተለወጠም። ልጅቷ ራቅ ስትል ግን ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ከሙዝ ጋር!» አለች።

ላስቲኩ ላይ አንድ እስር ቀረ። ዋጋው ያንጊዜውኑ ሠላሳ ገባ። «የመጨረሻ ነገር ዋጋው ሌላ ነው» አለችኝ ለብላቢት። መቼም ልጄ ናት ብዬ እጄን ስሰድ ሌላ እጅ አብሮኝ ወረደ። የደረቀ፣ የካውያ ጠባሳ ያለበት እጅ። እግር ቢሆን ኖሮ ፈጥኜ አውቀው ነበር፤ እጅ ስለሆነ ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ነበረብኝ።

«ክር እዚህም ይሸጣሉ?» አለች ዳኛዋ።

«እርስዎስ ምን ሊገዙ ወጡ?»

«የጉልበት ቅባት።»

«ቅባትስ እዚህ ይሸጣሉ?»

ማናችንም እጃችንን አላነሳንም። እሷ በጫፉ በኩል ይዛለች፣ እኔ በሥሩ። ወደ እኔ ሳብ አደረግሁ፤ ወደ እሷ ሳብ አደረገች። ሁለታችንም በጨዋነት ነበር የምንስበው፣ «ይቅርታ» እየተባባልን። ከዚያ ማሰሪያው ተበጠሰና ሳማው መዳፋችን ላይ፣ የእጅ ጀርባችን ላይ፣ እጅጌያችን ውስጥ ተበተነ። እኔ «ወይኔ!» አልኩ። የእሷ ዓይን በእንባ ሞላ። የእንጉዳይ ሻጯ ትሪዋን አቅፋ በሳቅ ተንፈራፈረች።

«ሳማ ፈሪ ያውቃል» አለች ለብላቢት የተበተነውን በባዶ እጇ እየለቀመች። «ጥብቅ አድርጎ የጨበጠውን አይነካውም። እናንተ አንድ ዓይናችሁ ሳማው ላይ፣ አንድ ዓይናችሁ እርስ በርሳችሁ ላይ ነው። ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ለማን ነው የምትወስዱት?»

«ለልጄ ነው» አልኩ።

«ለልጄ ነው» አለች ዳኛዋም፣ እኩል። ዞሬ አየኋት። ልጇ ወንድ ነው፤ ወንድ ልጅ ወተት አይጎድልበትም። ለልጄ ያለችው የእኔን ልጅ ነው። እሷ ግን ወደ አሉማው ነበር የምታየው።

«ለአንዲት አራስ?» ለብላቢት አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየች ጠየቀች። «ታዲያ አንዳችሁ ብትገዙና አንዳችሁ ብትቀቅሉ ምን ነበረበት?»

ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን። ለብላቢት ሳማውን ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱን ግማሽ በጋዜጣ ጠቅልላ ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ፣ አስራ አምስት አስራ አምስት አስከፈለችን። አጠገቧ ከነበረው ሰፋፊ የቱልት ቅጠልም ዘግና እጃችንን አሸችልን። ሳማ በበቀለበት ቱልት አይጠፋም፤ ይኼ ይለበልባል፣ ያኛው ያበርዳል። የተረፈውን ቅጠል ዳኛዋ አራት ማዕዘን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ታክሲው ውስጥ ባዶ ቦታ የነበረው ኋላ ወንበር ላይ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጃችን ዳቦ መስሏል። ጋዜጦቹ በዝናብ ርሰው ጭናችን ላይ ይተኛሉ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ ሁለታችንም ጣታችን አልታጠፍ ብሎ ቦርሳችንን መክፈት አቃተን፤ «ኧረ ማዘሮች፣ ቦክስ ነው የምትሠሩት?» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት የት ነበሩ?» አለችኝ ዳኛዋ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ዕቃ ቤት። እርስዎስ?»

«ማዕድ ቤት።»

የመታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳ ከዕቃ ቤቱ፣ አንድ ግድግዳ ከማዕድ ቤቱ ጋር ነው የሚገናኘው። አሁን ሳያት ለካ እሷም ከጆሮዋ በላይ፣ ሻሿ ላይ፣ ትንሽ ኖራ ነበረባት። ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

«ልጄ እናቱን ውጪ አይልም» አለች። «እርስዎን ነው ማለቴ አይደለም። እኔን አይደለም ማለቴ ነው።»

«የእኔም ልጅ እናቷን አሳልፋ አትሰጥም።»

«ታዲያ የቷ ብላ ምን አስጠየቃት?»

ይቺ ነገር ከሳማው በላይ ለበለበችኝ። ዳኛዋ ግን በራሷ ጊዜ ሌላ ወሬ ጀመረች፤ ስለ ትልቁ ልጇ ቤት፣ እስካሁን ትኖርበት ስለነበረው። ሰፊ ቤት ነው፤ ለራሷ ክፍል አላት፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው። «እዚያ ቤት ልብስ በማሽን ይታጠባል» አለች። «በማሽን ይደርቃል። እኔ ወንበር ይሰጡኝና ሲሽከረከር አያለሁ።» እኔም የስፌት መኪናዬን አሰብኩ። ደረጃውን ስንወጣ ጉልበቷ እንቢ ሲላት ክርኗን ያዝኩላት። በክርኗ ነው፤ እጇማ የሚያዝ አልነበረም።

በሩን ስንከፍት ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል። ባልየው ሕፃኗን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው የቆርቆሮውን ወተት ጠርሙስ ይዟል፤ ቀምሳው ኖሮ የቀመሰችውን ሁሉ ሸሚዙና ሱሪው ላይ መልሳለታለች። «ማዘር፣ ያዙልኝ! እማዬ፣ ጨርቅ!» አለ፣ እኔንና እናቱን በአንድ ትንፋሽ። ሳማ ይዤ ሕፃን አልቀበልም። ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጠው ዳኛዋ እኔ ዞር ስል ጥዳው ትጠብቀኛለች። ማቀዝቀዣውን በየሰዓቱ ትፈትሻለች። ዕቃ ቤቱ የጋራ ነው። ድንገት አንድ ቦታ ታየኝ፤ እሷ ጉልበቷን ፈርታ የማትቀመጥበት፣ ከተቀመጠች ሰው ካልሳባት የማትነሳበት። የሶፋው ጉድጓድ። ርጥቡን ጋዜጣ ብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ሰንቅሬ ሕፃኗን ተቀበልኩ።

ዳኛዋ ሳማዋን የት እንዳደረገች አላየሁም። ስመለከት እጇ ላይ ያለው ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ሕፃኗን ለእናቷ ወሰድኳት። ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠቻት፤ ያዘችው፣ ጥቂት ሳበች፣ ተወችው፣ ጮኸች። «የለኝም እማ» አለችኝ ልጄ። «ምንም የለኝም እኮ።» ምን ልበላት? ጀርባዋን ዳበስኩ። ሕፃኗ ስታለቅስ ቆይታ ደከማትና አፏን እንደከፈተች እንቅልፍ ወሰዳት። ልጄም ጎኗን አሳረፈች። እኔ በጫማዬ ጫፍ ወጥቼ ወደ ማዕድ ቤት በረርኩ።

ማዕድ ቤቱ ሁለት ሰው አይችልም፤ ስለዚህ ሕግ አለን። እስከ ቀትር የእኔ ነው፣ ከቀትር በኋላ የእሷ። ችግሩ ግን ሰዓቱ ልክ ቀትር ላይ ነበር። ያለን ትልቅ ድስት ደግሞ አንድ ነው። በር ላይ ተገናኘን፤ ድስቱን እኔ በአንድ ጆሮው፣ እሷ በሌላው ያዝነው።

«እርስዎ ደክሞዎታል፣ ይረፉ» አልኳት።

«ኧረ እርስዎ ይረፉ፣ ሕፃን ያስተኙት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት ተደርጎ! ጉልበትዎ አይደል የታመመው?»

ይህን ስንባባል ባልየው ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። የቆሸሸውን ልብስ አውልቆ በካናቴራና በቁምጣ ነበር። ፊቱን ስታዩት ቆሞ የተኛ ነው የሚመስለው። አላየንም፣ አላነጋገረንም። ሶፋው ላይ ተወረወረና ብርድ ልብሱን ከጉድጓዱ መንጭቆ እስከ አንገቱ ለበሰው።

እኔ አፌን ከፈትኩ። ዳኛዋም አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው የእሷም ሳማ የት እንዳለ የገባኝ። ለካ እሷ፣ «ይቺ ሴትዮ የልጄ አልጋ ላይ አትደርስም» ብላ አስልታ ኖሯል።

ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ። ይህ ልጅ ቆጣሪ ሊያነብ ገብቶ ውሻ የነከሰው ቀን እኔው ነኝ ቁስሉን ያጠብኩለት፤ ያን ቀን እንዲህ አልጮኸም። ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ ብርድ ልብሱን ወረወረ፣ ጀርባውን ሊያክ እጁን ሰደደ፣ እጁ ለበለበው፣ በእጁ ጭኑን ያዘ፣ ጭኑ ለበለበው። ካናቴራው ላይ ቅጠል፣ ብብቱ ሥር ቅጠል፣ ስለ ውሃ ዋጋ ጭማሪ የሚያወራ የጋዜጣ ቁራጭ ጉልበቱ ላይ ተለጥፎ። በአንድ እግሩ ሳሎኑን ዞረው።

«ማነው? ማናችሁ ናችሁ?»

«እሳቸው ናቸው!» አልን በአንድ ድምፅ፣ ባበጠ እጃችን እርስ በርሳችን እየተጠቋቆምን። ወዲያው ግን ሕሊናዬ አላስችል አለኝና «ግማሹ የእኔ ነው» አልኩ። «ግማሹ ብቻ።»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ልጄ የነቃችውን ሕፃን ታቅፋ ቆመች። ባሏን አየችው፣ በካናቴራ እየዘለለ። እኛን አየችን፣ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘን፣ በዳቦ እጅ፣ እናቱ ሻሽ ላይ ኖራ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫዋ ተነፋ፣ ከዚያ እንደ ልጅነቷ፣ እንደ ትምህርት ቤቷ ጊዜ፣ ድምፅ እያወጣች ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። በሩን ተደግፋ ሳቀች፣ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች። ባልየው መጀመሪያ ተቀየመ፣ በኋላ እሱም እያከከ ሳቀ። ዳኛዋ እንኳ የድስቱን ጆሮ ለቀቀች፤ አፏን በሻሿ ሸፈነችው።

ከዚያ ልጄ ድንገት ዝም አለች። ወደ ደረቷ አየች። ሸሚዟ በሁለቱም በኩል ረጥቧል፤ እኛ ቆመን ስናይ እርጥበቱ ይሰፋል። ሕፃኗ ሽታው ደረሳት መሰለኝ ፊቷን አዙራ ሸሚዙን መንከስ ጀመረች። ልጄ እዚያው ወለሉ ላይ ጡቷን ሰጠቻት። የሚሰማው የሕፃኗ ጉሮሮ ብቻ ነበር፤ ጉልቅ፣ ጉልቅ፣ ጉልቅ። ቆጣሪ አንባቢው ራሱ ማከኩን ትቶ ያዳምጥ ነበር፣ በሕይወቱ የሚፈስ ነገር ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት።

«ሳማው ሠራ!» አለች ዳኛዋ።

«ገና አልተበላ እኮ» አልኳት።

«ቢሆንም ሠርቷል።»

እኔም በልቤ አልተቃወምኩም፤ የማን ግማሽ ነው የሠራው የሚለውን ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ባልየውን ወንበር ላይ በደረቱ አስተኛነው። ዳኛዋ ከኪሷ ቱልቱን አወጣች፤ አራት ማዕዘኑን ፈታ ግማሹን ሰጠችኝ። እሷ በቀኝ ጀርባው፣ እኔ በግራው አሸንለት። ነገሩ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። «አንዷ ትሂድ ያልከው ይኸው ሁለቱም ተባብረው ያሹሃል» አለችው ልጄ ከወለሉ። ባልየው ደነገጠና አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሰምተዋል እንዴ?»

«በሁለት ግድግዳ» አለች እናቱ፣ ጠንከር አድርጋ እያሸች።

«ቧንቧው ክፍት ነበር እኮ!» አለ። «ያ ሁሉ ውሃ በከንቱ ነዋ የፈሰሰው!» ያዘነው ስለ ውሃው ነበር ብል አልዋሽም።

«ለነገሩ እውነትህን ነው» አለችው ልጄ፣ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡት እያዞረች። «ቤቱ ጠቦናል፤ አንድ ሰው መሄድ አለበት። እኔ ሳስበው ግን በዚህ ቤት ወተት የሌለህ፣ ጨርቅ ማጠፍ የማትችል፣ ሳማ መቀቀል የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ወንድምህ ቤት የእማማ ክፍል ባዶውን ነው። ሄደህ እዚያ እደር፤ ቀን ቀን ትመጣለህ።»

ይቃወማል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ሶፋው ዞሮ አየ። «አልጋው መሃሉ አልሰመጠም አይደል?» አለ እናቱን።

«ቀጥ ያለ ነው። መስኮቱም ወደ ፀሐይ ነው።»

ቦርሳውን ለመያዝ የፈጀበት ጊዜ ካልሲ ለማጥለቅ ከሚፈጅበት አይበልጥም። በር ላይ ሚስቱን ሳመ፣ ልጁን ሳመ፣ ማዕድ ቤት ገብቶ ቧንቧው መዘጋቱን አረጋገጠ፤ ከዚያ ደረጃውን ሲወርድ ፉጨት ሰማን።

ሳማውን ከብርድ ልብሱ ለቀምነው፤ ጥብቅ አድርገን፣ ሳንፈራ። የእኔን ግማሽ ለብቻ ልቀቅል ብዬ ነበር፤ ሳማ ግን ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ የእኔ ግማሽ ቢቀቀል እንቁላል አያክልም፣ የእሷም እንደዚያው። አንድ ድስት ውስጥ ጨመርነው። እኔ ይከተፍ አልኩ፣ እሷ ይወቀጥ አለች። «ከተወቀጠ ይላላል፣ ምን ነካሽ?» አልኳት። «ከተከተፈ ይጎረብጣል፣ አንቺ ደግሞ!» አለችኝ። እንዲህ አንቺ ተባብለን የማናውቀውን ተባባልን፤ ግማሹን ከተፍነው፣ ግማሹን ወቀጥነው። በነጭ ሽንኩርትና በድንች ሠራነው። የቀቀልንበትን አረንጓዴ ውሃ እኔ ይጠጣ አልኩ፣ እሷ ጸጉር ይታጠብበት አለች። ልጄ አንድ ኩባያ ጠጣች፣ በቀረው ዳኛዋ ጸጉሯን አጠበችላት።

ማታ ላይ ሳህኗን ስቀበላት ብቻችንን ነበርን። ጨርሳው በዳቦ ጠርጋዋለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቀኑን ሙሉ ይዤው የዋልኩትን ጠየቅኳት።

«ልጄ፣ ጠዋት የቷ ስትዪው ምን አለሽ? የቷን ነበር ያለው?»

ልጄ መደርደሪያው ላይ ያለውን የጨርቅ ክምር አየች፤ ከታች ሦስት ማዕዘን፣ ከላይ አራት ማዕዘን። ከማዕድ ቤት ዳኛዋ «ድስቱን እንዲህ ነው የሚያጥቡት?» ስትል ይሰማል።

«ሁለታችሁ አንድ ቀን ሳትጨቃጨቁ ከዋላችሁ» አለችኝ፣ «የዚያን ዕለት ማታ እነግርሻለሁ።»

ሳማው አበበ፣ ዝናቡ አለፈ፣ ሻጮቹም ወደየመጡበት ሄዱ። ሕፃኗ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። እስካሁን አልነገረችኝም።